ሰነፍና ጎበዝ በሚዛን

በፈተና ዋዜማ ደብተሩን ዘግቶ ሲጫወት የሚያመሽ ተማሪ ምን እያደረገ ነው? አባቱ «መረን ወጣ» ይላል፤ መምህሩ «ሰነፍ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግን ሌላ ነገር አይተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በርግላስና ጆንስ የተባሉ አሜሪካውያን መልስ የሌላቸውን ጥያቄዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጥተው ሲያበቁ፣ ግሩም አድርገው እንደ ሠሩ ነገሯቸው። ከሁለተኛው ፈተና በፊትም አእምሮ ያነቃል የተባለና ያደነዝዛል የተባለ መድኃኒት አቀረቡላቸው። ስኬታቸው ከየት እንደ መጣ ያልገባቸው ተማሪዎች፣ ይልቁንም ወንዶቹ፣ ወደሚያደነዝዘው አዘነበሉ። ቢወድቁ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነዋ!

ጆንስና ሮድዎልት እ.ኤ.አ. በ1982 ይህንን ጠባይ የሚለካ 25 ዐረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ አዘጋጁ። መጠይቁ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ገና ከደጃፉ ይሰናከላል። መሠረቱ አለመጣር አለመቻልን ይሸፍናል የሚል ግምት ነው፤ በአማርኛ «ሰነፍ ተማሪ» የሚባለው የማይጥረው ነው ወይስ የማይገባው? «ጎበዝ»ም ትጉሁንና ብልሁን ባንድ ስም ይጠራል። ቋንቋው ያልለያየውን መጠይቁ በምን ይለየዋል?

በግ ተሸጦ ስንቁ ተሰናድቶለት፣ ከቀየት ደጋ ተነሥቶ በ1999 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ይታሰብ። ባደገበት አገር ሰነፍ መባል ከድህነት ይከፋል፤ በእርሻ ወራት የተኛ ገበሬ ማሳው ያጋልጠዋል፣ ሰበብም አይገኝለትም። ተማሪው ከመኝታ ክፍሉ የሚሰማው ወግ ግን ተቃራኒ ነው፤ «ሳላነብ ገባሁ» ማለት እዚያ ጀግንነት ነው። የሚያስፈራው አንብቦ መውደቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስለ ተጨመረ፣ የሚሸሸው ፍርድም በአንድ በዝቷል።

ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ገበሬውን ያጠና፣ ተማሪውንም በመጠይቅ የመረመረ ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙ ያለ ነገር አልነበረም። ነገርን አለዝቦና ሸፍኖ መናገር እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት አገር፣ በወረቀት ላይ የሚሰፍረው ምልክት ሰሙ ሊሆን ይችላል። (የአሜሪካውም ተማሪ ቢሆን ለራሱ ማድላቱ አይቀርም።)

ከትርጉሙ ችግር የሚከብደው ግን የኅሊናው ጥያቄ ነው። ሰበብ የሚሠራው ባለቤቱ ሰበብነቱን እስካላወቀ ድረስ ነው፤ መጠይቁ ደግሞ ያንኑ ያልታወቀውን እንዲናዘዝ ይጠይቀዋል። ያወቀ ዕለት ተጠያቂ ይሆናል፤ ሳያውቅስ ጥፋተኛ ይባላልን? ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከወጣም «ጠባዬ ነው፣ ተለክቶልኛል» ሊል ነው፤ ሚዛኑ ራሱ አዲስ ሰበብ ሆነ ማለት ነው።

ወጣቱ ተባርሮ ቢመለስ፣ በጉን የሸጡት አባት «ልጄ፣ ምን አገኘህ?» ይሉታል። «አሞኝ ነበር» ይላል። እናቱም ባናውን ያለብሱታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለም።