የስጦታውን ዋጋ የከፈለው ማን ነው?

የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር በቁምስናችን ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የሚቆሙት ሰዎች ይበዛሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሚመጡት ምጽዋት ሊጠይቁ አይደለም፤ ብድር ሊጠይቁ ነው። በአንድ የታኅሣሥ ወር በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ አባወራ መጥቶ፣ ለሦስት ልጆቹ ልብስ፣ ለአማቱ ጋቢ፣ ለክርስትና ልጁም አንዳች ነገር መግዣ የሚሆን ገንዘብ እንዳበድረው ለመነኝ። «አባ፣ በዓመት በዓል ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» አለኝ። የጠየቀው ገንዘብ የሁለት ወር ገቢውን እንደሚውጥ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሰውየው አባካኝ አልነበረም፤ መስጠት ከመፈለጉ በቀር ምንም ጥፋት አላገኘሁበትም።

ይህ ሰው ያነሣው ጉዳይ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሐሳቤ አልተለየም። መስጠት መልካም መሆኑን ሁላችንም እናምናለን፤ ልጆችንም እናስተምራለን። ይሁን እንጂ አንድ ስጦታ መልካም ይሆን ዘንድ የሰጪው ልብ መልካም መሆኑ ብቻ ይበቃልን? ወይስ ዋጋውን በእውነት የከፈለው ማን እንደሆነም መጠየቅ ይገባናል?

ቋንቋችን ለስጦታ ብዙ ስም አለው። ከታች ወደ ላይ ለሚቀርበው «እጅ መንሻ»፣ ለከበረ ሰው በአደባባይ ለሚበረከተው «ገጸ በረከት»፣ ለእግዚአብሔር ለሚቀርበው «መባ»፣ ለተቸገረ ለሚሰጠው «ምጽዋት»፣ ፍርድን ለማጣመም ለሚሰጠው ደግሞ «መማለጃ» እንላለን። በአማርኛው ወንጌል ሰብአ ሰገል ያቀረቡት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ የተጠራው እጅ መንሻ ተብሎ ነው። (በዓል ሲደርስ ወደ አለቃ ቤት የሚነዳው በግ በየትኛው ስም እንደሚጠራና በየትኛው ሊጠራ እንደሚገባው አንባቢው ይፍረድ።) እነዚህ ቃላት ሁሉ ስጦታው ከማን ወደ ማን እንደሄደና ለምን እንደሄደ ይነግሩናል። ከኋላ ሆኖ ዋጋውን ስለ ከፈለው ሰው ግን ዝም ይላሉ።

ቀድሞ ይህን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር ይሆናል። በእኔ ልጅነት የእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶች ልጆች መልአክ ወይም ፀሐይ ወይም አበባ በወረቀት ላይ ሥለን በየቤቱ እንዞር ነበር፤ ሴቶቹም አደይ አበባ ይዘው ይዘፍኑ ነበር። የእኔ መልአክ አንዱ ዓይኑ ከሌላው በጣም ይበልጥ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ሆኖም ያንን ወረቀት ዋጋ የከፈለበት ሌላ ሰው አልነበረም፤ የእኔ አንድ ምሽትና የወንድሜ ቀለም ብቻ ነበር። ዛሬ በማተሚያ ቤት የወጣው ሥዕል በብዛት ተገዝቶ ለልጆች ይሰጣልና ሕፃኑ ከሰጪነት ወደ አከፋፋይነት ተዛውሯል። ገናም ቢሆን ለአባቶቻችን የሜዳ ጨዋታ በዓል ነበር፤ ዛፉና በጌጥ ወረቀት የተጠቀለለው ስጦታ ወደ ከተሞቻችን የገቡት በቅርብ ዘመን ነው። ይህን የምለው አዲሱን ልማድ ለማውገዝ አይደለም። ከስጦታው ጋር ገበያው መግባቱን፣ ከገበያውም ጋር እኛ የማናያቸው ብዙ እጆች መግባታቸውን ለማሳሰብ ነው።

ስለነዚህ እጆች ያስተማረኝ አባቴ ነው። ማዕረገ ክህነት በተቀበልኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በገና ዋዜማ፣ ለእርሱ ጋቢ ልገዛ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ ሰፈር ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ብዙ ሸማኔዎች የሚኖሩበትና የሚሸጡበት መሆኑን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም። ሆን ብዬ የሄድኩት አመሻሽ ላይ ነበር። ሻጩ ራሱ ሸማኔው ነበርና፣ ለቤቱ የበዓል መዋያ ሳይዝ መመለስ እንደማይሆንለት ገምቻለሁ። ተከራከርኩት፤ ትቼው ሄድኩ፤ ጠራኝ፤ ተመለስኩ። በመጨረሻ ከጠየቀው በግማሽ ገዛሁት። ማታ ጋቢውን በአባቴ ትከሻ ላይ ካኖርኩ በኋላ እንዴት አድርጌ በርካሽ እንዳገኘሁት በኩራት ተረክሁለት። አባቴ ጥለቱን በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ሠሪው ስንት ቀን ተቀመጠበት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሸማኔን ሥራ ቀርቦ ያየ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ዘርግቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። ከዚያም በፊት ድሩ መዘርጋት አለበት፤ ከድሩም በፊት ሴቶች ጥጡን ሲያባዝቱና ሲፈትሉ ሰንብተዋል። ጋቢ በእጥፍ የሚለበስ ወፍራም ልብስ ነው፤ ብዙ ክንድ ሸማ ይጠይቃል። እነዚህን ሰዎች ደግሞ በሥራቸው ስንሰድባቸው ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል። የሰደብነው እጅ የሠራውን ነጭ ልብስ ለብሰን ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን።

እንግዲህ እኔ ያን ምሽት በደል ሠርቻለሁን? ራሴን ለመከላከል የተዘጋጀሁት «ተስማምተን ነው የገዛሁት፤ አላስገደድኩትም» በሚል ነበር። በዘርአ ክህነት የተማርኩት ግን ይህን መከላከያ አፈረሰብኝ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ዕቃን ከሚገባው ዋጋ በላይ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ከሚገባው ዋጋ በታች መግዛትም በራሱ ፍትሕን የሚያጎድል መሆኑን ያስተምራል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 በጻፉት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክት፣ ሠራተኛ ችግር አስገድዶት ወይም የባሰ እንዳይመጣበት ፈርቶ የማይገባ ውል ቢቀበል፣ ስምምነቱ በደሉን እንደማያስቀር ገልጸዋል። እርሳቸው የተናገሩት ስለ ደመወዝ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ዕቃ ለሚሠራ ሸማኔ የጋቢው ዋጋ ከደመወዝ በቀር ሌላ ምንድር ነው? እኔ ለአባቴ የሰጠሁት ጋቢ ግማሹ የእኔ ስጦታ ነበር፤ ግማሹ የማላውቀው የሸማኔው ስጦታ ነበር። እርሱ ግን ለአባቴ ሊሰጥ አላሰበም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁላችንም የእጅ ሥራ በሙሉ ዋጋ እንግዛ» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ያን ብድር ፈላጊ አባወራ ግን አይረዳውም። በእጅ ከተሠራው ጥለት ይልቅ ከውጭ አገር የመጣው፣ በማሽን የታተመው አስመሳይ የሐበሻ ልብስ በዋጋው እጅግ ይረክሳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህም በብዙዎች ቤት ጓዳው ጠብቧል። ሦስት ልጆች ያሉት ድሃ ርካሹን ቢመርጥ ሸማኔውን በደለ እንበለውን? እኔ አልልም። ጣልያናዊው ሊቅ ቶማስ ፍቅር ሥርዓትና ቅደም ተከተል እንዳለው፣ የሚመጸወተውም በመሠረቱ ለራስና ለቤተ ሰብ ከሚያስፈልገው የተረፈው መሆኑን ያስተምራል። ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት ሮማዊው ቺቸሮ ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ለጋስነት ማንንም እንዳይጎዳ፣ ከአቅምም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ከአቅም በላይ የሚሰጡ ሰዎች የገዛ ዘመዶቻቸውን እንደሚበድሉና ብዙዎቹም የሚሰጡት ለመታየት እንደ ሆነ ይታዘባል። ቅዱስ አምብሮስዮስ ለአገልጋዮቹ ሲጽፍ ይህንኑ መጽሐፍ አርአያ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በብድር የተገዛ ልብስ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ የካቲት ላይ ከሚጎድለው እንጀራቸው ይከፍላሉ።

በእርግጥ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ተረት ባለበት አገር ይህን መስበክ ከባድ ነው። ተረቱን እወደዋለሁ፤ የበዓልን ክብር ይናገራል። ለልጁ አዲስ ቀሚስ ለማልበስ ያልቻለ አባት ሲሰማው ግን እንደ ፍርድ ነው።

የገንዘቡም ምንጭ አንዳንዴ ሩቅ ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለበዓል ገንዘብ ትልካለች፤ ቤተ ሰቡም ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለክርስትና ልጅ ያከፋፍላል፤ ለጋስ ተብሎም ይመሰገናል። ልጅቱ በበዓሉ ዕለት የሰው ወለል ስታጥብ ውላ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቤት ተጋብዤ ስቀመጥ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ የቆመበት ጊዜ አለ።

የአገር ሥራ መደገፍ ይገባል የሚለውን አሳብ እቀበላለሁ፤ ምክንያቱን ግን በጥንቃቄ መያዝ ያሻል። በሌላ አገር በማሽን አጠገብ ቆማ የምትሠራው ሴት ጠላታችን አይደለችም፤ እርስዋም ባልንጀራችን ናት። ለቅርቡ ሸማኔ፣ ለሸክላ ሠሪዋና ለጉሊቷ ሴት ቅድሚያ መስጠት የሚገባኝ ደማችን አንድ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ችግራቸውን በዓይኔ ስለማይና የእኔ ብር በቤታቸው ምን እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 «ካሪታስ ኢን ቬሪታቴ» በተሰኘው መልእክታቸው መግዛት ምንጊዜም የግብረ ገብ ተግባር መሆኑን ማስገንዘባቸው ይታወሳል። እንዲህ ከሆነ «የአገር ውስጥ ሥራ ነው» ማለት ብቻውን ኅሊናን አያሳርፍም። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ትምህርት ትማራላችሁ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከንጋት እስከ ምሽት በሽመና ጉድጓድ እንዲቀመጡ መደረጋቸው ሲጠናና ሲነገር የኖረ ሐቅ ነው። በእንዲህ ያለ ልጅ እጅ የተሠራ ነጠላ የአገራችን ሥራ ነው፤ ለእናት በስጦታ ሊሰጥ የሚገባው ግን አይደለም። የታተመውን ጨርቅ የእጅ ሥራ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴም አገሬ ልጅ ስለ ሆነ ብቻ ማታለሉ አይሰረይለትም።

ለዚያ አባወራ ብድሩን አልሰጠሁትም። ተቀምጠን ተነጋገርን። ለአማቱ የሚሆነውን ጋቢ ሦስቱ አማቾች በጋራ እንዲያሠሩ፣ ያውም ገበያው በሚጋልበት በዋዜማ ሳይሆን ከበዓል በኋላ፣ ቀብድ ከፍለው ለትንሣኤ እንዲደርስ አሰብን። አማቱ ራሳቸው ፈትል ስለሚፈትሉ፣ እንደ ቀድሞው ፈትሉን ለሸማኔው ሰጥቶ የእጁን ዋጋ ብቻ መክፈል እንደሚቻልም አስታወስነው። ሥጋው በቅርጫ ይሆናል። ለክርስትና ልጁ አባትየው በትርፍ ሰዓቱ ከወይራ የገና መጫወቻ ዱላ እንዲጠርብለት አሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ለልጆቹ አዲስ ልብስ አልተገኘም። ደስ ብሎት አልሄደም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሚስቱ አመስግናኛለች፤ ትልቁ ልጅ ግን እስከ ጥምቀት ድረስ ሰላምታ ነስቶኛል።

ወደ ራሴ ጉዳይ ስመለስ፣ የአባቴ ጥያቄ ዕረፍት ስለ ነሣኝ በዓሉ ካለፈ በኋላ ከዋጋው ያጎደልኩትን ብር ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመልሼ ነበር። ሸማኔውን አገኘሁት። ያን ምሽት ያለ አግባብ እንዳስቀነስኩትና ቀሪውን እንዳመጣሁ ነገርኩት። ብሩን አይቶ አልነካውም። «አባቴ፣ ሽያጩ አልቋል፤ እኔ ለማኝ አይደለሁም» አለ። ተጨነቅሁ፤ እያሰብኩ ቆሜ ሳለሁ እርሱ ራሱ፣ «ቀብድ ከሆነ ግን እቀበላለሁ» አለኝ። ቀብድ ነው አልኩት። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ለእናቴ ነጠላ አልኩት። የጥለቱን ቀለም መረጥኩ፤ ይህን ያህል ቀን ይፈጃል አለኝ፤ በዚህ ጊዜ ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ።