ልብን ስለ መመርመር

በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ግራና ቀኝ የሚኖር ነጋዴ ለዕረፍቱ ሮማን ወይም ፓሪስን ሊጎበኝ ቢሻ፣ ከተሰጠ 10 ዓመት ያላለፈው፣ ከመመለሻው ዕለት በኋላም ቢያንስ 3 ወር የሚጸና ፓስፖርት፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫም ያቀርባል፤ ይህ የሥርዓት ጉዳይ ነውና አያስነቅፍም። የሚያስጨንቀው፣ የቆንስላው ሹም ከዚህ አልፎ ሰውየው ይመለስ ዘንድ ፈቃዱ መሆን አለመሆኑን መመርመሩ ነው፤ ልብንና ኩላሊትን መመርመር ግን፣ አበው እንዳስተማሩን፣ የእግዚአብሔር የብቻው ገንዘብ ነው፤ ወረቀትስ ያለፈውን ግብር ይመሰክር ይሆናል እንጂ ገና ያልተፀነሰውን ሐሳብ ከወዴት ያውቃል?

ይባስ ብሎ፣ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የቀሩ ዜጎቿን መልሳ በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላሳየችም ሲል፣ የቪዛ መመርመሪያውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 አራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባውንም ፈቃድ ከለከለ። ነቢዩ ሕዝቅኤል እያንዳንዱ ነፍስ በገዛ ሥራው እንደሚጠየቅ ማስተማሩን ለሚያስብ ሰው፣ አንዱ በቀረበት ሌላው መቀጣቱ ይከብደዋል። እርግጥ ባለቤት ደጁን የመጠበቅ መብት አለው (የእኛም ደጅ ለባዕድ ሁልጊዜ ሰፊ አልነበረም)፤ ሆኖም ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ በምርኮ መጥተው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የመዘኑላቸው በዐይን የታየ አገልግሎታቸውን ነበር።