ስለ ደቀ መዝሙር ምስጋና

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የላከውን ሁለተኛውን መልእክት ስናነብ፥ በመጀመሪያው ላይ የሚያመሰግነው ማን እንደ ሆነ እናስተውል። አመስጋኙ መምህሩ ነው። ሽማግሌው በእስራት ሳለ ወጣቱን እያሰበ አምላኩን ያመሰግናል። እኛ ግን ምስጋናን የምንጠብቀው ካስተማርነው ልጅ ነው፤ እርሱን ስለ ሰጠን ማመስገንን እንረሳለን።

በአገራችን የወንጌል ሥራ ታሪክ ይህን የሚያስረዳ ነገር አለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በሕፃንነታቸው ከኦሮሞ ምድር ተሰርቀው ተሸጡ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነፃ ወጡ፤ በስዊድን አገርም ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ተነሡ። ነገር ግን ከእናታቸው ቤት ገና ሕፃን ሳሉ ስለ ተለዩ ቃል ያጥራቸው ነበር። በ1886 ዓ.ም. አንድ የኢጣልያ መርከብ ለሽያጭ ወደ ዐረብ አገር ይወሰዱ የነበሩትን ሰዎች በባሕር ላይ አዳነ። ከእነርሱም መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ብላቴና ነበረች፤ በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች።

ኦኔሲሞስ የልጅቱን አእምሮ ባዩ ጊዜ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታሰናዳ ሥራውን በእጅዋ ሰጡአት። ያም መዝገብ በ1893 ዓ.ም. ለታተመው ለአዲስ ኪዳን ትርጉም ማቃኛ ሆነ። እርስዋ ግን በታዘዘችው ብቻ አልቆመችም፤ የወገንዋን ተረትና ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን 500 ያህል ጻፈች፤ ብዙዎቹም በ1894 ዓ.ም. ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው መጽሐፍ ታተሙ። እንግዲህ ማን ከማን ተማረ እንበል? መምህሩ የጐደለው ቃል በተማሪዪቱ አፍ ነበረ።

በ1899 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ ወጣ፤ የተርጓሚነቱም ክብር ለኦኔሲሞስ ተሰጠ። የአስቴር ድካም ግን ለብዙ ዘመን በሚገባው መጠን ሳይነገር ቀረ። በሙታን ላይ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ሥራዋን በስምዋ መጥራት ግን ይገባናል።

በመካከላችን ሸማኔ አለ፥ ልብስ ሰፊ አለ፥ አናጢ አለ። ትጉህ ወጣት ተቀብሎ ያስተምራል። ወጣቱም መምህሩ ያላሰበውን ጥለት ያወጣል፤ ውሎ አድሮም የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ያን ጊዜ በልባችን «ደንበኞቼን ወሰደብኝ» የሚል ቅንዓት ይነሣል። የድንኳኑን ሥራ የሠራው ባስልኤል ግን ከእግዚአብሔር የተቀበለው የእጅ ጥበብን ብቻ አልነበረም፤ ሌላውን የማስተማር ልብም ተሰጥቶት ነበር። ጥበቡን የሚሰውር ሰው ከዚህ ስጦታ እኩሌታውን ይጥላል። ከአገሩ ርቆ በሐርጌሳ፥ በሼክ ኑር ሰፈር፥ በእጁ ሥራ የሚተዳደር ወገን ቢኖር ይህ ነገር ለእርሱም ነው፤ ኦኔሲሞስና አስቴርም ይህን ሁሉ የሠሩት ከትውልድ ምድራቸው ርቀው ነበርና።

በ1904 ዓ.ም. ሁለቱም ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ። መምህርት አስቴርም በነቀምቴ ልጆችን ያስተምሩ ነበር፤ ኦኔሲሞስ በ1931 ዓ.ም. ካረፉም በኋላ እስከ 1964 ዓ.ም. በሕይወት ቆዩ።