አልሰማሁም፣ ድገምልኝ

ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ደውለሽ «ለአምስት የተሰጠንን ፕሮጀክት ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ» ስትዪኝ በስልክ ቸኩዬ ልመክርሽ አልፈለግሁም። ሲቪል ምሕንድስና ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህንኑ እያሉ ቢሮዬ የመጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሰምተሻል። እናንተ ጋ ሎሚው አንቺ ላይ ተቆልሎ ጌጡ ብቻ ለአምስት ተከፍሏል፤ ከቨር ፔጁ ላይ አምስት ስም አለና።

መጀመሪያ በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለሰርቬይንግ የመስክ ልምምድ አራት ሆነን ከፍታ እንድንለካ ታዘዝን። አንዱ ሌቭል በተባለው መሣሪያ ያያል፣ ሁለቱ ስታፍ የተባለውን ባለ ቁጥር ዘንግ ይይዛሉ፣ እኔ መዝጋቢ ነኝ። ደንቡ ቀላል ነው፤ የሚያየው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ መዝጋቢው የሰማውን ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና የጓደኛዬ ድምፅ ተቆራረጠብኝ። «ነጥብ አራት ሦስት ሁለት» የሚለው ብቻ ጆሮዬ ገባ። ከፊቱ ያለው አንድ ይሁን ሁለት አላወቅሁም። ጓደኛዬ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ፀሐዩም አድክሞታል፤ ደግሞ ቀደም ብዬ ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ አፈርኩና 1.432 ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ዞረን ወደ ተነሣንበት ነጥብ ስንመለስ፣ በሚሊሜትር መቆጠር የነበረበት ልዩነት አንድ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ማታ አራታችንም ደብተሩ ላይ አጎንብሰን ስንደምር ስንቀንስ አመሸን። እኔ ስህተቱ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው መስመር እንዳለ አውቅ ነበር። ስታፉ የቆመባቸውን ድንጋዮች በቀለም ምልክት አድርገንባቸዋል፤ ብናገር ኖሮ ያቺን አንዲት ቦታ ብቻ ደግመን ለክተን በግማሽ ሰዓት እንገላገል ነበር። አልተናገርኩም። የሁለት ቀኑን ሥራ እንደገና ከአንድ ጀመርን። ስታፍ ከያዙት አንዱ ጫማው እግሩን ልጦት እያነከሰ ነበር የጨረሰው። ያ እግር እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ስለዚህ በቡድን ለሚሠራ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ችሎታ ምንድን ነው ብትዪኝ፣ መሪነት ወይም ጥሩ ተናጋሪነት አልልሽም። «አልሰማሁም፣ ድገምልኝ»፣ «አልገባኝም»፣ «ለሐሙስ አይደርስልኝም» የሚሉትን ቃላት ጊዜያቸው ሳያልፍ ከአፍ ማውጣት ነው። እኛ ዘንድ ይህ ይከብዳል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። ይሉኝታን አልነቅፍም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት አስማምቶ ያኖረ እሱ ነው። ሥራ ውስጥ ሲገባ ግን አንዱ ያልገባውን ይደብቃል፣ ሌላዋ ያልመጣውን ሰው «ለምን ቀረህ» ማለት ከብዷት ሥራውን እሷው ትሠራዋለች። የኋለኛዋ አንቺ ነሽ። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ተናግረሻቸዋል? ስጠይቅሽ ዝም ብለሻል።

ዕድርን ተመልከቺ። ዕድርተኛው ሁሉ የሚተዋወቅና የሚፈቃቀር ጎረቤት ነው፤ ሆኖም መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ስም ይጠራል፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። የተቀጣውም ሰብሳቢውን አይቀየምም፤ የቀጣው ደንቡ ነዋ። ሽማግሌዎቹ ይሉኝታ እንደሚያሸንፋቸው ስለሚያውቁ ነው አስቀድመው የጻፉት። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የአንዱ እርሻ ከታረመ ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እናንተም ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ርዕሱ በተሰጣችሁ ቀን፣ ማንም ማንንም ሳይበድል፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ማን ምን ይሠራል፣ እስከ መቼ፣ ሰው ቢቀር ምን እናደርጋለን። ጥፋት ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ደንብ አንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ ይመስላል፤ ያኔ ጠብ ነው የሚያመጣው።

ሌላው፣ ተከፋፍሎ መሥራትን አብሮ ከመሥራት አትቁጠሪው። መግቢያው ለአንዱ፣ ስሌቱ ለሌላው፣ ድሮዊንጉ ለሦስተኛው ይሰጣል፤ ሊያስረክቡ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ሁሉም በቴሌግራም ይልካል፣ አንዷ ትለጣጥፈዋለች። አንድ ጊዜ የመጠጥ ውኃ ዲዛይን ስገመግም ምዕራፍ ሁለት ላይ የነዋሪው ብዛት 4,000 ተብሎ፣ ምዕራፍ አራት ላይ ታንከሩ ለ6,000 ሰው ተሰልቶ አገኘሁ። አምስት ስም ካለበት ሪፖርት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው አንድም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፕረዘንቴሽን ላይ ታንከሩን የሠራውን ስለ ቧንቧው፣ ቧንቧውን የሠራችውን ስለ ታንከሩ መጠየቅ ጀመርኩ። እናንተ ፈታኝ ሳትጠብቁ እርስ በርስ ተጠያየቁ። የጓደኛሽን ክፍል በራስሽ አነጋገር መልሰሽ ለእሱ ስትነግሪው፣ ያልተረዳችሁት ቦታ ያኔውኑ ይወጣል። መዝጋቢው ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንደሚደግመው ማለት ነው።

«ሰነፎች ናቸው» ብለሽኛል። ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን አትቸኩዪ። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ስምንት ሰዎች አብረው ገመድ ሲጎትቱ እያንዳንዱ ብቻውን ሆኖ ከሚያወጣው ጉልበት ግማሽ ገደማ ብቻ እንደሚያወጣ አሳይቷል። ሁሉም ስለለገሙ ብቻ አይደለም፤ እጆቹ በአንድ ቅጽበት አይስቡም፣ አንዱ ሲጎትት ሌላው ያላላል። የናንተም ገመድ እንዲህ ላልቶ ይሆናል።

ሦስት ቀን ሙሉ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ውስጥ መልስ አልሰጠም ያልሽኝ ልጅ አሳስቦኛል። በሰው ፊት አትጠይቂው። ቅዳሜ ከላይብረሪ ስትወጡ ለብቻው አግኝተሽ «የት ላይ ያዘህ?» በዪው፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂው። እኔ ካስተማርኳቸው ውስጥ ሰነፍ ሲባሉ ከርመው፣ ኮምፒዩተር ስለሌላቸው ሪፖርቱን በስልክ ይጽፉ የነበሩ አጋጥመውኛል፤ ይህን ከመናገር ሰነፍ መባሉን መርጠው ነበር። እሱም እንደዚያ ከሆነ ላፕቶፕሽን ለሁለት ሰዓት ስጪውና አጠገቡ ተቀምጠሽ የራስሽን ክፍል በወረቀት አርሚ።