የሜርኩሪ ቁርጭምጭሚት

ከሮማውያን አማልክት መካከል ክብደት የማይመስለው ሜርኩሪ ነው፤ መልእክተኛ ነው፣ ተረከዙ ላይ ክንፍ አለው። ቀራጺው ጃምቦሎኛ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ በነሐስ ሲሠራው በአንድ እግሩ ፊት ብቻ አቆመው፤ ከእግሩ ሥር ያለውም የነፋስ እስትንፋስ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከፍላንደርስ ወደ እንግሊዝ የተሻገረው ጆን ቫን ኖስት ያንኑ በራሪ አምላክ ለሜልበርን ሆል የአትክልት ስፍራ በእርሳስ አወጣው።

እርሳስ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ከእምነ በረድ ይረክሳል፣ የእንግሊዝን ዝናብ ይችላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ትልቅ የሐውልት ግቢ የነበረው ጆን ቺር የእርሳስ ሐውልቶቹን ድንጋይ እንዲመስሉ ቀለም ይቀባቸው ነበር። ይህን ማታለል የሚሉ አሉ። ከባዱ ጥያቄ ግን ከቀለሙ ሥር ነው ያለው።

አሪስቶትል ቁስንና ቅርጽን ሲለይ ሐውልትን ምሳሌ አድርጎ ነበር፤ ነሐሱ ቁስ ነው፣ ምስሉ ቅርጽ። ምሳሌው ቁስን የተሰጠውን የሚቀበል ዝምተኛ ያስመስለዋል። እርሳስ ግን ዝም አይልም። በተራ የአየር ሙቀት እንኳ በራሱ ክብደት፣ በዓይን በማይታይ ዝግታ ይለጠጣል። ደግፎ እንዲይዘው ሆዱ ውስጥ የብረት አጽም ይገባለታል። ውሃ በቀዳዳ ሲሰርግ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ እርሳሱም ከውስጥ ይሰነጠቃል። በአንድ እግሩ የቆመ ሐውልት ሲሆን ጭንቁ ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ ከዚያ ተረከዙ ላይ የሚወርድ ቡናማ ዝገት፣ ከዚያ ጉልበቱ እጥፍ ማለት ይጀምራል።

ታዲያ ያጎነበሰው ማን ነው? ሜርኩሪ ወይስ እርሳሱ?

ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1776 ሕዝብ የጎተተው የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የፈረስ ሐውልት ወርቅ የተቀባ እርሳስ ነበር። ሊችፊልድ በተባለች ከተማ ቀልጦ 42,088 ጥይት ወጣው። ቁሱ ያው ነው፤ ንጉሡ ግን በአንዱም ጥይት ውስጥ የለም። ከመቅለጥ ያመለጠው የፈረሱ ጅራት ግን ዛሬም ጅራት ነው፤ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። እዚህ ላይ አሪስቶትል ልክ ነበር።

ሜርኩሪ ግን አልቀለጠም፤ ቀስ እያለ እየተለወጠ ነው፣ ክርክሩም ያለው እዚህ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያለሰለሰው ጉንጭና የደበዘዘ ጣት የእርሳሱ ድርሻ ነውና ባይነካ ይሻላል። ቁርጭምጭሚቱ ግን መቃናት አለበት፤ መቆም ያቃተው ሜርኩሪ መብረሩ ይቀራልና። ጠጋኙ እግሩን ከፍቶ ዝገቱን ያወጣል፣ በቦታው የማይዝግ ብረት ያስገባል። ከዚያ በፊት ግን የድሮ ፎቶግራፎችን አጠገቡ ዘርግቶ ብዙ ይቀመጣል፤ ጃምቦሎኛ ራሱ አምላኩን ወደፊት አዘንብሎ ነው የሠራው፣ ስለዚህ የትኛው ዝንባሌ የቀራጺው፣ የትኛው የእርሳሱ እንደሆነ በጣት ስፋት ለይቶ መወሰን አለበት።