አለሁ

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ስንቄን በፌስታል አንጠልጥዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከፊቴ ቆመው ላሉት እናት «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው። «አለሁ ልጄ» አሉኝ። ስለ ጤናቸውም ስለ ኑሯቸውም አንድ ቃል አልጨመሩም፤ መኖራቸውን ብቻ ነገሩኝ።

መሐንዲሶችም የኃይል ማመንጫን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ አለህ? ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው። ማሽኑ ለጥገና የቆመበትና ተበላሽቶ የተኛበት ሰዓት ከዚህ ላይ ይቀነሳል። የጎደለው 760 ሰዓት ቢሆን 8,000 ይቀራል፤ ከመቶ 91 ግድም ማለት ነው። ምን ያህል እንዳመነጨ ግን በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ማንም ሳይጠራው ቆሞ የዋለ ማሽን፣ ቢጠሩት የሚነሳ ከሆነ፣ ሰዓቱ ሳይጎድል ይቆጠርለታል። ቃሊቲም ግድቦች ውኃ ሲያጥራቸው ለክፉ ቀን ተብሎ 14 ሜጋ ዋት የናፍጣ ማመንጫ ተተክሎባታል። ናፍጣ ውድ ስለሆነ የእንዲህ ያለው ማሽን ዋና ሥራው መጠበቅ ነው።

ቃሊቲ ሌላም የሚጠብቅ አላት።

አለሁ ማለት ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ አለ፤ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። በ1960ዎቹ ቆመና ታድሶ የተመለሰው በ2009 ነው። በመካከሉ ባለፉት ከ40 በላይ ዓመታት ግድቡ እዚያው ነበር፣ ወንዙም ይፈስ ነበር። ላየው ሰው «አለሁ» ይል ነበር፤ «አለሁላችሁ» ለማለት ግን አልቻለም። ከማረሚያ ቤቱ በር በስተጀርባም ሰው እየተቆጠረ ይመሻል፣ እየተቆጠረ ይነጋል። ቆጠራው ሰውየው መኖሩን ያረጋግጣል፤ ቤቱ ላለችው ልጁ ግን አባቷ አለ የሚባለው በሌላ ሂሳብ ነው።

መቅረትም ዓይነት አለው። ግልገል ጊቤ 2 በጥር 2002 ሲመረቅ 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 26 ኪሎ ሜትር ግድም የሚረዝመው የውኃ ዋሻው ውስጡ ተናደ። ማሽኑ ያለ ውኃ ተቀመጠ፤ ዳግም ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2003 ነው። መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ድንገተኛ መቆም ቀኑ ታውቆ ከሚደረግ ጥገና ለይተው ይመዘግቡታል። ሁለቱም ያጨልማሉ፤ ነገር ግን ቀኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሻማ ይገዛል።

ወረፋው ተንቀሳቀሰ። እማማ ሳህናቸውን የቋጠሩበትን ጨርቅ ጠበቅ አደረጉ።

«ቀርተው ያውቃሉ እማማ?» አልኳቸው።

«አንድ ጊዜ፣ አሞኝ» አሉኝ፤ «እንደማልመጣ ግን አስቀድሜ ልኬበት ነበር።»