የጸጋ ክርክር በ14 መስመር፦ የጆን ደን ሶኔት

ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል ወይስ መመለሱ ራሱ የጸጋ ሥራ ነው የሚለው ጥያቄ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓን ክርስቲያኖች አጥብቆ ያከራከረ ሲሆን፣ በካቶሊክ ቤተሰብ ተወልዶ በ1615 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን፣ በ1621 ደግሞ በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ የሆነው ባለቅኔ ጆን ደን፣ «ቅዱሳን ሶኔቶች» በሚባሉት 19 ግጥሞቹ ውስጥ ደጋግሞ ያነሣዋል።

ሶኔት 14 መስመር ያለው፣ የቤት አመታቱም አስቀድሞ የተወሰነ የግጥም ዓይነት ነው። በጣሊያናዊው ፔትራርክ ስም በሚጠራው ስልት የመጀመሪያዎቹ 8 መስመሮች ጉዳዩን ሲያቀርቡ፣ የቀሩት 6 መልስ ይሰጣሉ ወይም ይሞግታሉ፤ በመካከል ያለው የሐሳብ መታጠፊያም «ቮልታ» ይባላል። የሼክስፒር ስልት በአንጻሩ ከሦስት ባለአራት መስመር አንጓዎች በኋላ ቤት በሚመቱ ሁለት መስመሮች ይደመድማል። ደን የፔትራርክን አጀማመር ከእንግሊዞቹ አደማደም ጋር ስለሚያዋህድ፣ ክርክሩ በዘጠነኛው መስመር ላይ ከታጠፈ በኋላ በመጨረሻው ጥንድ መስመር ብይን ያገኛል።

ሥላሴን በሚማጸንበት፣ በተለምዶ 14ኛ ተብሎ በሚቆጠረው ሶኔት፣ ተናጋሪው በመጀመሪያ ጥገና የማይበቃው፣ እንደገና ተቀጥቅጦ መሠራት ያለበት ዕቃ ይመስላል፤ በአራተኛውም መስመር ላይ በእንግሊዝኛው በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ሦስት አጫጭር ግሦች ተከታትለው ስለሚወርዱ፣ ምቱ ራሱ መቀጥቀጡን ያሰማል። ቀጥሎ ጠላት የያዛት ከተማ ይሆናል፤ የአምላክ እንደራሴ ሆኖ ሊከላከልላት የሚገባው አእምሮም ተማርኳል። ከመታጠፊያው ወዲህ ደግሞ አምላኩን እየወደደ ለባላጋራው የታጨ ሰው ነው። እንዲህ የተራራቁ ነገሮችን በአመክንዮ የሚያቆራኝ ረቂቅ ንጽጽር «ኮንሲት» ይባላል። መደምደሚያው የተመሠረተው በአያዎ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚጣረስ ውስጡ ግን እውነት ባዘለ አነጋገር ላይ ሲሆን፣ ነጻነት ያለ መለኮታዊ ምርኮ እንደማይገኝ ይናገራል።

በ18ኛው መቶ ዘመን ሀያሲው ሳሙኤል ጆንሰን ደንን ጨምሮ «ሜታፊዚካል» የተባሉትን ባለቅኔዎች፣ የማይዛመዱ ሐሳቦችን በግድ ያጣምራሉ ሲል ነቅፏቸዋል። ነቀፌታው ለዚህ ሶኔት አይሠራም፤ ራሱን መፍታት ያቃተው ፈቃድ በግድ እንዲፈታ በሚለምንበት ግጥም ውስጥ፣ ግድ ያለበት ንጽጽር ከጌጥነት አልፎ የጉዳዩ ቋንቋ ይሆናልና። ስለዚህ ደንን የሚያነብ ሰው መስመርና ቤት ከመቁጠር አልፎ፣ ቅርጹ የተሸከመውን የእምነት ክርክር ሊመረምር ይገባዋል።